የማይቀነስ ወጪ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ በጀት የሚያወጣው ለቀብር ብቻ ነበር። የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ከወሎ የመጣን ሰፋሪዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ማገዶውን፣ የውሃውን በርሜል፣ ለቀባሪ የሚቀርበውን ንፍሮ የሚተምነው እሱ ነው። ሲተምንም ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ይቀነስ»። ማገዶው ይቀነስ፣ ንፍሮው ይቀነስ። አንድ ጊዜ የሟች ልጆች ከሌላ መንደር አልቃሽ እናምጣ ቢሉት፣ «አልቃሽ ምን ያደርጋል፣ እኛው እንበቃለን፤ ይቀነስ» ብሎ መለሳቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን ያጋነኑበት አይመስለኝም።

እንግዲህ ለቀርከሃ ወንበር ሥራችን ድረ ገጽ ይሠራ በተባለ ጊዜ በጀቱ የቀረበው ለዚህ ሰው ነው። ምን ላድርግ፣ ከማንጎ ዛፎቻችን ሽያጭ የተጠራቀመው ገንዘብ ያለው እሱ ጋ ነበር።

ጊዜው ክልላችን አዲስ ክልል የሚባልበት ጊዜ ነው። አዲስነቱ ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። ከክልሉ ጋር የተወለዱ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው፣ ክፍል ደግመው፣ ድምፃቸው ጎርንኖ እንኳ ሹሞቻችን ንግግር የሚጀምሩት «አዲስ ክልል እንደመሆናችን መጠን» እያሉ ነበር። መብራት የሚጠፋው አዲስ ክልል እንደመሆናችን መጠን ነው። ማመልከቻችን የጠፋውም አዲስ ክልል እንደመሆናችን መጠን ነው። እኔን ግን ጠቅሞኛል። አዲስ ክልል ቢሮ ይከፍታል፤ ቢሮ ወንበር ይፈልጋል፤ አሶሳ ዙሪያ ደግሞ እንደ ቀርከሃ የሚገኝ ምን አለ?

ወንበሮቹን የሚሠራው ሸሪኬ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከተማው ሁሉ «ኡስታ» ይለዋል፣ ባለእጅ እንደማለት ነው፤ ቃሏ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር በኩርሙክ በኩል የገባች ናት። አማርኛ የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር። ኋላ ግን በየቢሮው «አንቺ ልጅ፣ ባለቤቱን ጥሪው እስቲ» ስባል ስለከረምኩ የኡስታ «አንተ» ማረፊያዬ ሆነች። እሱ ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ፣ አባቴ ደግሞ ይንቃል። «ቀርከሃ ለአጥር ነው» ይላል። ደገኛ አይደል፤ ወንበር ማለት ለእሱ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚፈልግ ነገር ነው። በስጦታ ያመጣሁለትን ወንበር ጓሮ አስቀምጦት ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ላይ ሆቴል የሚያሠሩ ሰዎች የዕቃ ገዢያቸው ደወለልኝ። አንድ ቢሮ ውስጥ ወንበራችንን አይቶ ወዶታል። ለአዳራሹም ለበረንዳውም የሚሆን ይፈልጋሉ፣ ብዙ ነው የሚፈልጉት። 

«ድረ ገጻችሁን ላኪልኝና ለአለቆቼ ላሳያቸው» አለኝ።

ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር ከጋዜጣ ላይ ከማንበቤ በቀር የማውቀው አልነበረም። «እሺ፣ አሁን እየታደሰ ስለሆነ ትንሽ ታገሰኝ» አልኩት። ነጋዴ ነኛ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስቀምጦ ማመልከቻ የሚተይብ፣ ከባምባሲ የመጣ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ኮርስ ወስዶ ድረ ገጽ መሥራት ተምሯል ይባላል። ምንም ብትጠይቁት መልሱ «ቶሌ» ነው፤ በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። ትችላለህ? ቶሌ። ቶሎ ይደርሳል? ቶሌ። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ቶሌ ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ።

የወጪ ዝርዝሩን አስይዤው መንደር ድረስ ይዤው ሄድኩ። ኡስታም ተከተለን። አባቴ የቅሬውን ስብሰባ በሚመራበት ማንጎ ሥር፣ የቅሬውን ስብሰባ በሚመራበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

«በል ቀጥል» አለው። ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ በጀት ሲጀምር ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገ። «አባባ፣ መጀመሪያ የድረ ገጹ ስም ነው። ዶሜን ይባላል። በየዓመቱ ይከፈልበታል።»

«ስም በየዓመቱ?»

«ቶሌ። በየዓመቱ።»

«ለእኔ ስም ሲወጣ አንድ ጊዜ ነው ገንፎ የተበላው። ይቺ መንደር እንኳ መንግሥት አምጥቶ ሲያሰፍረን ስም አላወጣላትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የምትጠራ። ማን መንገዱ ጠፍቶት ቀረ? ቁጥር ስጠው። ይቀነስ።»

ስም የሌለው ገጽ ጭራሽ እንደማይኖር እስክናስረዳው የማንጎው ጥላ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞረ። በመጨረሻ ስሙ ቢያጥር ዋጋው ይቀንስ እንደሆነ ጠየቀ። እንደማይቀንስ ሲነገረው ከልቡ አዘነ።

ቀጥሎ ትርጉም መጣ፤ ገጹን እንግሊዝኛም ለማድረግ የሚከፈል። «እንግሊዝ አሶሳ ድረስ ለወንበር ይመጣል? ባገራችን ፊደል ይጻፍ። ይቀነስ።» ተቀነሰ።

ከዚያ የማስቀመጫ ኪራይ። ገጹ የሚቀመጠው ሌላ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ እንደሆነና ለዚያም ኪራይ እንደሚከፈል ሰውዬው አብራራ።

«ሰው አገር?» አለ አባቴ።

«ሰው አገር።»

«ቢያስወጡትስ?»

«ኪራዩ ከተከፈለ አያስወጡትም።»

«እንግዲህ ሰው አገር የሚቀመጥ አመሉን ማሳመር ነው» አለ አባቴና አለፈው። ከወጪው ሁሉ ሳይጨቃጨቅ ያለፈው ያን ብቻ ነው።

ኡስታ እስከዚያ ድረስ በቢላዋው ቀርከሃ ይፍቅ ነበር። «አንተ ልጅ» አለኝ ቀና ብሎ፣ «ወንበር ጥሩ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ወገቡ ደስ ይለዋል፣ ይገዛል፣ ኻላስ። ኮምፒውተር ላይ ሰው እንዴት ይቀመጣል?»

«ይኸው» አለ አባቴ፣ «ከመካከላችሁ አንድ አዋቂ ተገኘ።»

አንድ እኔ ያስገባሁት ወጪ ነበር። የክልሉ ንግድ ቢሮ ግልገል በለስ ላይ ባዛር አዘጋጅቶ እኛንም ጠርቶናል። ኮምፒውተር ያለው ሰውዬም «ድረ ገጽ ሰው ካላወቀው የለም ማለት ነው፤ አድራሻውን በወረቀት አትማችሁ እዚያ በትኑት» ብሎ መክሮኛል። ግልገል በለስ የራሳችን ክልል ከተማ ናት፣ የመተከል ዞን ዋና ከተማ። ዓባይ ግን በመሀላችን ስለሚያልፍ ከአሶሳ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከክልሉ ይወጣል፣ ወለጋን ያቋርጣል፣ ጎጃም ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ክልሉ ይገባል። ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመሄድ በጎረቤት ግቢ እንደመዞር ነው። የማደሪያውን፣ የምግቡን፣ የወንበር ማስጫኛውን ሁሉ አስልቼ ጽፌዋለሁ።

«ግልገል በለስ?» አለ አባቴ። «እዚያ ማን አለን? ይቀነስ።»

«አባዬ፣ ንግድ እኮ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ አይደለም።»

«ማንም በሌለበት አገር አውቶብስ አልከፍልም።» እስኪርቢቶውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ሰረዘው።

ሁሉም ተቀናንሶ ካለቀ በኋላ፣ ልንነሣ ስንል፣ «በል አሁን አንድ ወጪ ጨምር» አለ።

ኡስታ ቢላዋውን አስቀመጠ። እኔም አባቴን አሞት ይሆን ብዬ አየሁት።

«የኔ ፎቶ ይግባበት» አለ። «መጀመሪያው ላይ። ከሥሩ የተወለድኩበት ቀበሌ ይጻፍ፤ ወረዳው አይደለም፣ ቀበሌዋ። የእኅቴም ስም ይጻፍና የእሷ ወንድም እዚህ አለ ይበል።»

የእኅቱን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። በድርቁ ጊዜ ከመጠለያው ሰው በመኪና እየተጫነ ወደ ሰፈራ ሲሄድ፣ ታናሽ እኅቱ እህል ለመቀበል ሌላ ሰልፍ ላይ ነበረች። እሱ የተሳፈረበት መኪና ሞላና ተነሣ። እሷን ቀጣዩ ያመጣታል አሉት። ቀጣዩ መኪና ወዴት እንደሄደ የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም። ደርግ ሲወድቅ ወሎ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ አንዱ ሞታለች አለው፣ አንዱ ከፋ ናት አለው። ከፋም ሄዷል። ከዚያ በኋላ ነጋዴ ይሁን ሹፌር ይሁን ወታደር፣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ስሟን እየሰጠ ይልክ ነበር። ለኔ ጫማ «ይቀነስ» የሚለው ሰው ለዚህ የሚያወጣውን ቆጥሮት አያውቅም።

አውቃለሁ፣ ግን አልተዋጠልኝም። «አባዬ፣ ይሄ ወንበር መሸጫ ነው» አልኩት።

«ወንበሩ ላይ እቀመጣለኋ።»

«ቀርከሃ ላይ?»

«ቀርከሃ ላይ።»

ከእሱ አፍ ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘቡም የሱ ነው። ዝም አልኩ።

ወሬ ግን ዝም አይልም። በሳምንቱ የቅሬው አባላት አባቴ ደጅ ላይ ሞሉ። «ዳኛው እኅቱን በኮምፒውተር ሊያፈላልግ ነው አሉ! እኛስ ከሰማይ ወረድን? እኛስ ዘመድ የለንም?» እያንዳንዱ መዋጮውን ይዞ ነው የመጣው። አንድ ሽማግሌ ሳንቲማቸውን ከመሀረባቸው ጫፍ እየፈቱ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ። መዋጮ ሲያይ የአባቴ ፊት በራ፤ የኔ ጠቆረ። የቅሬ ደንብ አውቃለኋ። በቅሬ ደንብ ያዋጣ ሰው ይቀመጣል። ድሀ ይሁን ሀብታም፣ ከባለ ለቅሶው ጋር የተኳረፈም ቢሆን፣ ካዋጣ ድንኳኑ ውስጥ ቦታውን የሚከለክለው የለም። ድረ ገጹም በዚሁ ደንብ ሊተዳደር ሆነ። ያዋጣ ሁሉ ወንበራችን ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል፣ ከሥሩም የተወለደበት ቀበሌና የሚፈልገው ዘመድ ይጻፍለታል።

«የወንበሩ ዋጋስ የት ይጻፋል?» አልኩ።

«ቦታ ከተረፈ» አለ አባቴ።

ፎቶ አንሺው ከከተማ በሞተር ብስክሌት መጣ። ከወንዶቹ ኮት ያለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ኮቱ ከጀርባ ወደ ጀርባ ዞረ። የረጅሙ ሰው ክርን ላይ ቀረ፣ የአጭሩን ሰው ጣት ዋጠ። አንዲት ባልቴት ያለ በሬዬ አልነሣም አሉ። «በልቼ የማድር ሰው መሆኔን ዘመዶቼ ይወቁልኝ» ነው ነገሩ። በሬው ግን ለዘመድ ግድ የለውም፤ ወንበሩን ሊበላው ቃጣ። ኡስታ ዱላ ይዞ «አንተ በሬ! ይሄ ለሆቴል ነው! ያንተ አይደለም!» እያለ ወንበሩን ሲጠብቅ ዋለ።

የአባቴ ተራ ደረሰ። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ አሁን ልነሣ ነው እንደሚል ሰው ተቀመጠ።

«አባባ፣ ፈገግ ይበሉ» አለው ፎቶ አንሺው።

«የአንዱ ፎቶ ስንት ነው?» አለ አባቴ።

ፎቶ አንሺው ዋጋውን ነገረው። ካሜራው ቀጭ ያለው ልክ ያን ጊዜ ነው። ሌላ እናንሣህ ብንለው «ይቀነስ» ብሎ ተነሣ። እናም ለዓለም የቀረበው የአባቴ ፊት ዋጋ የሰማ ሰው ፊት ነው።

ገጹ ሲያልቅ እንዲያየው ወደ መናኸሪያው ወሰድኩት። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ነበር የሚመጣው፤ ምስል ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ቆቡ ወጣ። ከዚያ ግንባሩ። ከዚያ የተኮሳተረው ቅንድቡ። አፍንጫው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

«አፌስ?» አለ አባቴ። «ለአፍ ለብቻ ይከፈላል እንዴ?»

ሰውዬው መብራቱ ሲመጣ አፉም እንደሚመጣ ማለለት። ወደ መንደር የሚሄደው መኪና ሊነሣ ስለነበር ግን አባቴ ግንባሩን ብቻ አይቶ ተመለሰ። ለሳምንት ያህል ለጠየቀው ሁሉ «ግማሼ ገብቷል» እያለ ይመልስ ነበር።

አድራሻውን ለሆቴሉ ሰው ላክሁለት። በነጋታው ደወለ። ድምፁ እንደ በፊቱ አይደለም፣ ዝቅ ብሏል።

«እኅቴ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር» አለኝ።

«ማን ሞተ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ሁሉ ተደርድሮ ተቀምጦ አዝኗል። ለቅሶ መስሎኝ ነው።»

ለቅሶ እንዳልሆነ ነገርኩት።

«ታዲያ ሠራተኞቻችሁ ናቸው? ኮቱ የደንብ ልብስ ነው?»

«ደንበኞቻችን ናቸው» አልኩት። ውሸት ነው አይባልም፤ ከፍለው ነው የተቀመጡት።

«ወንበሮቹስ ቆንጆ ናቸው» አለ። «አለቆቼ ግን ሰዎቹ ይውጡ ብለዋል። ባዶ ወንበር ብቻ ይታይ። ለዚህ ሳምንት ካስተካከላችሁ ውል እንፈራረማለን።»

ውል! በዚያ ውል ኡስታ ሌሎች ባለእጆች ሊቀጥር፣ እኔ የሚያፈሰውን ጣራ ላስቀይር፣ ሁለታችንም የቤት ኪራይ በመጣ ቁጥር በጓሮ በር መውጣት ልንተው ነው። መንደር የደረስኩት በመንገዱ ሙሉ የምጮኸውን እየተለማመድኩ ነው። ቁጡ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አይጠፋችሁም።

«አባዬ፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው! መንደሩን ሙሉ ወንበሬ ላይ ጭነህ ወንበሩን ማን ይየው? ሰዎቹ ካልወጡ አንገዛም አሉ!»

መልሶ እንዲጮኽብኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም።

«ውሉ ትልቅ ነው?» አለኝ።

«ትልቅ ነው።»

«ኡስታም ይጠቀማል?»

«እሱም ይጠቀማል።»

በዘንጉ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። «የቅሬውን ሰው እኔ አስረዳለሁ፤ መዋጮውንም ከማንጎው እመልሳለሁ። አብሽሪ» አለኝ። ቀጥሎም፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «እንግዲያ የኔም ይቀነስ» አለ።

ያቺን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። ደብተር ስጠይቅ ሰምቻታለሁ፣ ጫማ ስጠይቅ ሰምቻታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ፣ ስቄባታለሁ። እንደዚያን ቀን ግን አሳምማኝ አታውቅም። አባቴ ራሱን እንደተረፈ ንፍሮ ሲቀንስ ማየት አልቻልኩም። ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ኡስታ የሥራው እኩል ባለቤት ስለሆነ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። የሆቴሉን ገንዘብ ከኔ ይልቅ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ልጆች አሉት። ቀርከሃውን እየሰነጠቀ ሰማኝ።

«ባዶ ወንበር ለምን ያሳያል?» አለኝ። «ባዶ ወንበር፣ ሰው የሞተበት ቤት ነው። ሰው ያለበት ወንበር ጥሩ ነው። ተማም ነው። አንተ ደውል።»

ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ሰዎቹ አይወጡም» አልኩት። «እኛ አገር ያዋጣ ሰው ከመቀመጫው አይነሣም። እናንተ ወንበሩን ከገዛችሁ ባዶውን ነው የምንልክላችሁ፤ አባቴን አብሬ አልጭንም።» ሰውዬው ሳቀ፣ ለአለቆቼ እነግራለሁ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁትም። ስልኩን ስዘጋው ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ማታ ላይ ጣራው ሲያፈስ ኩራቱ ትንሽ ቀነሰ።

«ላንሣቸው እንዴ?» አለኝ ኮምፒውተር ያለው ሰውዬ።

«እንዳትነካቸው።»

«ቶሌ።»

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጣልን ሥራ የኩርሙክ ሻይ ቤት ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ኡስታን ስለሚያውቀው እንጂ ድረ ገጽ አይቶ አይደለም። ኡስታም ይህን እንዳልረሳው በየጊዜው ያስታውሰኛል። አባቴ ደግሞ ከተማ በመጣ ቁጥር በራችን ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ «ደወለ ሰው?» ይላል። አልደወለም እለዋለሁ። «መብራት ስለሚጠፋ ይሆናል» ብሎ ይሄዳል።

መንገዱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን የመሥሪያችን ስልክ ጮኸ። የወጣት ድምፅ ነው።

«ድረ ገጻችሁ ላይ ስላየሁት ነገር ነበር» አለኝ።

ዘለልኩ። «የትኛው ነው? ባለመደገፊያው?»

«ሽማግሌው ያሉበት። የተቆጡት።»

«እሱ በጣም ጠንካራ ነው። ስንት ላድርግልህ?»

«ወንበሩን አይደለም እኅቴ» አለ። «ሽማግሌውን ነው።»

የሚደውለው ከግልገል በለስ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ነው። ቢሯቸው ኢንተርኔት ሲገባለት ሰው ሁሉ የራሱን ስም ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እናቱ ሁልጊዜ የምትጠራትን የትውልድ ቀበሌዋን ስም ጻፈ። ስለዚያች ቀበሌ በዓለም ላይ የጻፈ ሰው አልነበረም፣ ከአንድ የአሶሳ ወንበር ሻጭ በስተቀር። ገጹ ተከፈተ፣ ኮስታራ ሽማግሌ ወጣ፣ ከሥሩ የእናቱ ስም አለ። ለካ ቀጣዩ መኪና የሄደው ወደ መተከል፣ ፓዌ ኖሯል። ወንድምና እኅት ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ክልል ውስጥ፣ «አዲስ ክልል እንደመሆናችን መጠን» የሚል አንድ ዓይነት ንግግር እየሰሙ፣ ዓባይን መሀል አድርገው ኖረዋል።

«ነገ ጠዋት እናቴን ወደ ቢሮ አመጣታለሁ» አለኝ። «አንቺም እሳቸውን አምጪያቸው።»

ማታውኑ ወደ መንደር ሰው ላክሁ፤ በነጋታው አባቴ ከኔ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ያቺን ሁሉም ፎቶ የተነሣባትን ኮት ለምኖ ለብሷታል። ስልኩ አጠገብ ያለው የቀርከሃ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ጫፉ ላይ ሳይሆን እስከ መደገፊያው ድረስ። ኡስታ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ስልኩ ሲጮህ አባቴ አነሣው፣ ጆሮው ላይ አደረገው። አንዳቸው ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል።

«አባዬ ተናገር፣ ሒሳቡ እየቆጠረ ነው!» አልኩት።

ሒሳብ ሲባል ነቃ። «አቤት» አለ።

እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ይሰማ ነበር፤ አክስቴ ስልክ ስትናገር ዓባይ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ ነው። ከስንት ዘመን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ምነው ፊትህን እንዲያ ያጠቆርከው? ወንበሩ ይጎረብጣል እንዴ?» የሚል ነበር።

«አይጎረብጥም» አለ አባቴ። «ይመቻል።»

ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም። ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ኡስታም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኋላ ስጠይቀው ግን «እኔ ለእኅት አይደለም። ወላሂ፣ ሰውዬው ወንበር ይመቻል ስላለ ነው» አለኝ።

በማግስቱ እዚያው ማንጎ ሥር ለጉዞው በጀት ተቀመጥን። እሱ ድንጋዩ ላይ፣ እኔ እስኪርቢቶ ይዤ። ከላይ ግልገል በለስ ብዬ ጻፍኩ። «እዚያ ማን አለን» ያለውን ላነሣበት ምላሴ ድረስ መጥቶልኝ ዋጥኩት። የመሄጃ አውቶብስ ለአንድ ሰው፤ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ወለጋ ማደሪያ። ጎጃም ምሳ። ለአክስቴ ቀሚስና ነጠላ። ለአንድ ወንበር ማስጫኛ፤ እንድትቀመጥበት ፈልጓል። በየመስመሩ ቆም እያልኩ ያቺን ቃል ጠበቅኋት። አልመጣችም። የመመለሻ አውቶብስ ለአንድ ሰው ብዬ ጽፌ ደመርኩትና ወረቀቱን ሰጠሁት።

«የሚቀነስ የለም?» አልኩት፣ ልተርበው ብዬ።

ወረቀቱን አርቆ ይዞ እስከ ታች አነበበው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት።

«ተሳስተሻል» አለኝ። «የመመለሻውን ለሁለት ሰው አድርጊው።»